«እድልሽ ነው» የሚያስብሉኝ ፎቶዎችና ሃምሳዋ ሌንሴ

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶው ፊት ቆም ይልና አንድ ነገር ይለኛል፦ «አንቺ እኮ እድለኛ ነሽ!»

ፎቶው ላይ አንዲት እናት ልጃቸውን ይመርቃሉ። ልጅቷ ሙሽራ ናት፣ ተንበርክካለች። እናትየው መዳፋቸውን አናቷ ላይ አሳርፈዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ከንፈራቸው ከፈት ብሏል። ከበስተኋላቸው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ብርሃን ያረፈው ግራ ጉንጫቸው ላይ፣ የእጃቸው ደም ሥር ላይና የሙሽራዋ ጥለት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው።

አዎ፣ እድል አለበት። መብራት የሄደው ልክ በዚያች ደቂቃ ነው። ግን ያ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላኛው ግማሽ ካሜራዬ ላይ የነበረችው ትንሽ ሌንስ ናት። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ወደ አራት ዓመት ገደማ ሠርቼባታለሁ፣ ጥሩዋንም ድክመቷንም አውቀዋለሁ።

ስሟ ካነን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ነው። እኔ ሃምሳዋ ነው የምላት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ስትወጣ ዋጋዋ 125 ዶላር ነበር። በሌንስ ዓለም ይህ ርካሽ ነው። ክብደቷ 160 ግራም ነው፣ የግማሽ ኪሎ ስኳር ሲሶ ማለት ነው። ዙም የላትም። ሰው ማቅረብ ከፈለግሽ በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ ማራቅ ከፈለግሽ ወደ ኋላ ትይያለሽ። እኔ የምጠቀማት በካነን 700ዲ ካሜራ ነው። በአዘቦት ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት አነሳለሁ።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። የተክሊል ሠርግ ነበር። የተክሊል ሙሽሮች ለቅዳሴ መድረስ ስላለባቸው ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። እኔ ከዋዜማው ማታ ቤቱ ሄጄ ነበር። ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው። ቡና እየጠጣሁ ዓይኔ ግን ቤቱን ይዞራል። መስኮቱ የት ነው? አምፖሉ ቢጫ ነው ነጭ? እኔ የት ልቁም?

የሙሽራዋን እናት ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ነገ የት ሆነው ነው የሚመርቋት?»

«እዚህ ነው ልጄ፣ ሥዕሉ ሥር። እኔም እዚሁ ነው የተመረቅኩት።»

ሥዕለ አድኅኖው ፊት ሻማ ይበራ ነበር። ያን ጊዜ «ነገ መብራት ቢሄድስ?» አልኩ በሆዴ። እኛ አገር ይህ ጥያቄ ሟርት አይደለም፣ ሥራ ነው። ሻማው ከግራ በኩል፣ ከፊታቸው ከፍታ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። በስተቀኝ ቡፌ አለ። ቡፌው ጋ ብቆም ሁለቱንም ከጎን አያቸዋለሁ። ከጎን ካየኋቸው ደግሞ የእናትየው ፊትም እጅም ከእኔ እኩል ርቀት ላይ ይሆናሉ። ይህ ለሃምሳዋ ትልቅ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሌሊት መብራቱ ሲሄድ ቤቱ «ውይ!» አለ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ መብራቱ የሶኬት ስለነበር ካሜራውን አወረደ። እናትየው ግን አላቋረጡም። እንዲያውም ጨለማው አረጋጋቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔ ክርኔን ቡፌው ላይ አስደገፍኩ። አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 1.8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 3200። ትንፋሼን ይዤ ሦስት ፍሬም አነሳሁ። ሁለቱ ብዥ ብለዋል። ሦስተኛው ግድግዳዬ ላይ ያለው ነው።

አሁን ቁጥሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም የሃምሳዋ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከ700ዲ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ወደ 55 ሲሳብ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ሃምሳዋ እስከ 1.8 ትከፈታለች። በ1.8 የሚገባው ብርሃን በ5.6 ከሚገባው ወደ አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ያን ሌሊት 18-55ቱን ይዤ ቢሆን ኖሮ ሻተሩ ከ1/60 ወደ 1/6 ይወርድ ነበር። በ1/6 ሰከንድ ደግሞ የምትመርቅ እናት ከንፈር ጭስ ነው የሚመስለው። መብራት መሄዱ ለእኔ እድል የሆነው በአሥር እጥፉ ነው። ያለዚያ መብራት መሄድ መብራት መሄድ ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት በሠርግ አይደለም። ጎንደር ነው የተማርኩት።

በ2014 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር ሄድኩ። ፋሲለደስ መዋኛ የምንለውን ታውቁታላችሁ። ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይገባበታል፣ ዙሪያውን ዋርካዎቹ ሥራቸውን እንደ ጣት ዘርግተው ግንቡን ጨብጠውታል። ታቦታቱ ከከተራ ጀምሮ እዚያ ያድራሉ፣ ካህናቱም ሌሊቱን ሲያዜሙ ያድራሉ። ሕዝቡ ጧፍ ይዞ ይቆማል። እኔ የያዝኩት 18-55ቱን ብቻ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አንዲት ሽማግሌ ሴት ጧፋቸውን በሁለት እጃቸው ከነፋስ ከልለው አየኋቸው። ብርሃኑ በጣቶቻቸው መካከል ቀይ ሆኖ ያልፋል። አነሳሁ፣ ብዥ። አነሳሁ፣ ብዥ። ፍላሽ ባበራ ያ ቀይ ብርሃን ይሞታል። ቆሜ አየኋቸውና ካሜራዬን ዝቅ አደረግኩ። ያችን ፎቶ እስከ ዛሬ አስባታለሁ።

ሲነጋ የባሰው መጣ። ውኃው ተባረከ፣ ወጣቶቹ መዝለል ጀመሩ። አንድ ልጅ ከግንቡ ጫፍ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዘለለ። ሕዝቡ ሲጮህ ሰማሁ። አላየሁትም። እኔ ካሜራዬ ስክሪን ላይ አቀርቅሬ ከዚያ በፊት ያነሳሁትን እያጎላሁ እያየሁ ነበር። ጥፋቱ የካሜራውም የሌንሱም አይደለም፣ የእኔ ነው። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ሃምሳዋን ያገለገለች ገዛሁ። ፒያሳ ሳይፈርስ እዚያ ከነበሩ ትንንሽ የካሜራ ሱቆች ከአንዱ። የከፈልኩት ከአንድ ክርስትና ሥራ ከማገኘው ያነሰ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ጎንደር ተመለስኩ። አሁን ሃምሳዋን የማወድስበት ብቻ ሳይሆን የማማርርበትም ክፍል ደረሰ።

ሃምሳዋ የርቀት ቁጥር የላትም። የድሮ ሌንሶች ቀለበታቸው ላይ 3 ሜትር፣ 5 ሜትር እያለ ተጽፎባቸዋል። እሷ ላይ ያለው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው፦ ፎከሱ (ጥርት የሚልበት ርቀት) በራሱ ይሁን ወይስ በእጅ። ቀለበቷ ደግሞ መጨረሻ የለውም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ከመስታወቱ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስላልሆነ ቀለበቱን ስታዞሪ የሚሠራው ሞተሩ ነው። ካሜራው ከተኛ ብታዞሪውም ምንም አይመጣም። ካሜራው ነቅቶ ከሆነ ደግሞ በስህተት ብትነኪው ፎከሱ ይሸሻል። በእጅ ፎከስ ማድረግ ለሚወድ ሰው ይህ ደስ አይልም። እኔም አልወደውም።

ስለዚህ ዘዴ ፈለግኩ። ልጆቹ የሚዘሉበትን የግንቡን ጠርዝ መረጥኩ። ከእኔ 12 ሜትር ያህል ይርቃል። በራሱ ፎከስ ድንጋዩ ላይ አነጣጠርኩ፣ ጥርት ሲል በአውራ ጣቴ ማብሪያውን ወደ እጅ ገፋሁት። ከዚያ ቀለበቱ እንዳይነቃነቅ ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩበት። አፐርቸር 5.6። በዚህ ካሜራ፣ በዚህ ርቀት፣ በ5.6 ከ8 እስከ 24 ሜትር ያለው ነገር ሁሉ ጥርት ይላል። ልጁ ወደ ግራ ይዝለል ወደ ቀኝ፣ ያዝኩት ማለት ነው። የሚገባልኝ ስፋት አምስት ሜትር ያህል ነው። ሻተር 1/1000፣ አይኤስኦ 400። ሁሉንም በእጄ ሞልቼ ጨረስኩ። ካሜራው በራሱ እንዲወስን ብተወው ነጭ ነጠላ ባየ ቁጥር ፎቶውን ያጠቁረዋል፤ የዋርካው ጥላ በገባ ቁጥር ደግሞ ያነጣዋል።

እዚህ ላይ የአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ የአንሰል አዳምስ ታሪክ ትዝ ይለኛል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር በኩል በመኪና ሲያልፍ ጨረቃ ወጥታ፣ ነጫጭ የመቃብር መስቀሎች ላይ የመጨረሻዋ ፀሐይ አርፋ አየ። መኪናውን አቁሞ ትልቁን ካሜራውን ተከለ። የብርሃን መለኪያው ግን ጠፋበት፣ ፈልጎ አጣው። ፀሐይዋ ልትሄድ ነው። የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር ከዚያ አስልቶ አነሳ። ለሁለተኛ ፎቶ ፊልሙን ሲገለብጥ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ሄዷል። በእጁ የቀረው አንድ ፎቶ ነው፣ እሱም በዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ሆነ። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ማለፉ እድል ነው። ያን ቁጥር በቃሉ መያዙ ግን የብዙ ዓመት ሥራ ነው። እኔ ጨረቃን በቃሌ አላውቅም። የጠዋት ፀሐይ ነጭ ነጠላ ላይ ስታርፍ ግን ስንት እንደምሞላ አሁን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እሁድ እሁድ ስሞክረው ከርሜያለሁ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። 700ዲ በሰከንድ 5 ፍሬም ነው የሚያነሳው። ልጅ ዘሎ ውኃ እስኪነካ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሦስት ፍሬም ካገኘሁ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመዝለሉ ትንሽ ቀድሜ መጫን አለብኝ። ግን ማን መቼ እንደሚዘል በምን ይታወቃል? ብዙዎቹ ጠርዙ ላይ ቆመው ይሳሳቃሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ይመለሳሉ። ሃያ ልጅ ያህል ካየሁ በኋላ ገባኝ። ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን ነው ማየት። የሚቀልድ ልጅ ሙሉ እግሩ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ይቆማል። ሊዘል የቆረጠ ልጅ የእግሩ ጣቶች ጠርዙን ይጨብጣሉ። ጣቶቹ እጥፍ ሲሉ፣ ትቆጥሪያለሽ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ዘለለ።

ሰማያዊ ቲሸርት የለበሰ፣ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ መጣ። ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። ጣቶቹን አየሁ። ጨበጡ። ተጫንኩ።

ሲዘል ነጠላው ተፈታ። ያን እኔ አላዘዝኩትም፣ ልጁም አላሰበውም። ከአንገቱ ተተረተረና በላዩ ላይ ሙሉ ለሙሉ ተዘረጋ። ፀሐይዋ ከኋላ ስለነበረች የነጠላው ክር አንድ በአንድ ይታያል። ልጁ ከሥሩ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል። ሦስት ፍሬም ነው ያለኝ፤ መካከለኛው ነው ያ። ነጠላው ቀጥሎ ምን እንደሆነ አላየሁም። ቀና ስል ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሌሎች እየጎተቱት ነበር።

ያችን ፎቶ ያየ ሁሉ «እድልሽ ነው» ይለኛል። አዎ፣ ነጠላው እድሌ ነው። ለዚያ አመስጋኝ ነኝ። ግን በ2014 ተመሳሳይ ነጠላ ተፈቶ ከሆነ እኔ አቀርቅሬ ስለነበር አላውቅም።

አፐርቸሩን 5.6 ያደረግኩበት ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱም የሃምሳዋ ሌላ ድክመት ነው። በ1.8 እና በ2 ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነጭ ነገር ስታነሳ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ መስመር ታወጣለች። ለእኛ አገር ፎቶ አንሺ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነጠላ፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ የቄሱ ጥምጥም፣ ሁሉም ነጭ ነው። ሠርግ ላይ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ በ1.8 ካነሳችሁ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ሐምራዊውን ስትለቅሙ ታድራላችሁ። ወደ 2.8 ስትጠበብ ይቀንሳል፣ ጥራቷም በጣም ይጨምራል። ወደ 5.6 ስትደርስ ሐምራዊው ከነጭራሹ አይታይም ማለት ይቻላል። እኔ ፀሐይ ላይ ከ2.8 በታች አልወርድም። 1.8ን ለጨለማ አስቀምጣታለሁ።

1.8 ላይ ሌላ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር የጥራቱ ውፍረት ነው። ከአንድ ሜትር ርቀት የሰው ፊት ብታነሱ ጥርት የሚለው ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሽፋሽፍቱ ጥርት ብሎ ጆሮው ይደበዝዛል። ከሁለት ሜትር ደግሞ አሥራ አንድ ሴንቲ ያህል ነው። ቡፌው ጋ ከጎን መቆሜ ያዳነኝ ለዚህ ነው። ከፊት ለፊት ብቆም ኖሮ ወይ ፊታቸው ወይ እጃቸው ይጠፋ ነበር። ጀማሪ ከሆናችሁ የደበዘዘ ጀርባ አያታልላችሁ። መጀመሪያ ሳምንት ሁላችንም በ1.8 እናብዳለን። ከዚያ የሁለት ሰው ፎቶ አንሥተን ቤት ስንገባ አንደኛው ብቻ ጥርት ብሎ እናገኘዋለን።

ለጠባብ ቤት ደግሞ ሃምሳዋ አትሆንም። የእኔ ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ፣ እሱ ላይ ስትገባ እይታውን እንደ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው የምታጠብበው። ሦስት ሜትር ርቄ ስቆም የሚገባልኝ ስፋት 1.3 ሜትር ነው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ይገባል፣ ሦስተኛው ይቆረጣል። አንድ ክርስትና ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ የልጁ አያት ድንገት ተነስተው እስክስታ መቱ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ወደ ኋላ ልሂድ ስል ጀርባዬ በር ነው። ያገኘሁት ትከሻቸውንና ግማሽ ፊታቸውን ነው። 18-55ቱ መኝታ ቤት፣ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሮጬ ሳመጣው ተቀምጠዋል፣ ሰዉም «ይድገሙ» ቢላቸው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰፊውን ሌንስ ቦርሳ ውስጥ አልተውም፣ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ከሃምሳዋ በፊት የካነንን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም አስቡ። እንደ ዳቦ የተጠፈጠፈች ሌንስ ናት፣ ትቀላለች፣ ሳሎን ሙሉ ትይዛለች። ብርሃኗ ግን ከሃምሳዋ ያንሳል።

ይህን ሁሉ አልኩ፣ እሷን ግን ከካሜራዬ ላይ አላወርዳትም። ምክንያቱም ትንሽ ናት። ትልቅ ሌንስ ሲደቀንበት ሰው ይለወጣል፣ ይስተካከላል፣ ፈገግታውን ያወጣል። ሃምሳዋን ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። እናቶች እየቆሉ፣ እየፈተሉ፣ እያወሩ ይቀጥላሉ። ዙም ስለሌላትም እግሬ ተምሯል። አሁን ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳላነሳ ምን እንደሚገባልኝ አውቃለሁ፦ ሙሉ ሰው ለማንሳት ስንት እርምጃ፣ ፊት ብቻ ለማንሳት ስንት እርምጃ። አንድ ነገር ሊሆን ሲል እግሬ ቀድሞኝ ቦታው ላይ ነው። ዙም ሌንስ ይዤ እያለሁ ቆሜ ቀለበት ሳዞር ነው የሚያልፈኝ።

የምትገዙ ካላችሁ ሱቅ ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ገልብጣችሁ ጀርባዋን እዩ፣ መግጠሚያዋ ብረት መሆን አለበት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 የወጣችው አሮጌዋ ሃምሳ መግጠሚያዋ ፕላስቲክ ነው፣ ገበያ ላይ ዛሬም ሞልታለች፣ አንዳንዴ በአዲሲቷ ዋጋ ይጠሯታል። አሮጌዋ ከ45 ሴንቲ ሜትር አትቀርብም፣ አዲሷ እስከ 35 ትቀርባለች። ከዚያ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በመስታወቱ ውስጥ እዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ትታችሁ ውጡ። አቧራ ግን ችግር የለውም። ካሜራ ላይ ግጠሟትና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ በ1.8 አንሱ። ግራና ቀኙ እኩል መነበብ አለበት፣ አንዱ ጎን ከደበዘዘ ወድቃ ታውቃለች ማለት ነው። የፊት አፏ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ስትወድቅ የምትጎዳው እዚያ ነው። ቦርሳ ከማስገባታችሁ በፊት ካሜራውን ሳታጠፉ ፎከሱን ሩቅ ነገር ላይ አድርጉ፣ አፏ ይገባል። የፀሐይ መከላከያዋ አብሯት አይመጣም፣ ለብቻ ነው የሚገዛው፤ ግዙት፣ አፏን ከግጭት ያድናል።

ኒኮን ያላችሁ የራሳችሁ ሃምሳ አለች፣ ኤፍ 1.8 ጂ። ትንንሾቹ የኒኮን ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው ዲ የሚል ፊደል ያለባትን አሮጌዋን ብትገዙ በራሷ ፎከስ አታደርግላችሁም። አዲሶቹን የካነን መስታወት አልባ ካሜራዎች የያዛችሁ ደግሞ ወይ አገናኝ ቀለበት፣ ወይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 የወጣችው የእነሱ ሃምሳ ያስፈልጋችኋል።

ስለ ሚሞሪም አንድ ነገር። ሌንሷን በገዛሁ ሰሞን ከአንድ ሱቅ 64 ጊጋ የሚል ሚሞሪ ገዛሁ። የክርስትና ፎቶ ሞላሁበት። ቤት ስደርስ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ተከፈቱ፣ የቀሩት ግራጫ ሆኑ። የውሸት ሚሞሪ ነበር። እነዚህ ካርዶች ውስጣቸው ያለው ቦታ ትንሽ ነው፣ ለካሜራው ግን ትልቅ ነኝ ብለው ይዋሻሉ፣ ከሞሉ በኋላ የሚመጣውን ፎቶ በትክክል አያስቀምጡም። ለቤተሰቡ ደውዬ ስነግራቸው ያለቀስኩትን አልረሳውም። የሕፃኑ እናት ናቸው ያጽናኑኝ። አሁን አዲስ ሚሞሪ ስገዛ ቤቴ ውስጥ ግድግዳዬን እያነሳሁ እስከ አፉ እሞላዋለሁ። ከዚያ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ እከፍታለሁ። ሁሉም ከተከፈተ ነው ሥራ የሚወጣው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ይፍጅ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ለጓደኛዋ ምርቃት ሃምሳዋን አውሺኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ሁለት የተሞላ ባትሪና የተፈተሸ ሚሞሪ ጨመርኩላት። ማታ ደወለች።

«ቀለበቱ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ምንድን ነው? ልላጠው?»

«ተይው» አልኳት። «ነገ አዳራሹ ጋ ቀደም ብለሽ ሂጂ፣ ለምን እንደሆነ በስልክ እነግርሻለሁ።»